አንድ ኪሎ ዱቄት ይዤ መርካቶ

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሐሙስ ጠዋት ከሣሪስ ተነስቼ መርካቶ ስሄድ በዘንቢሌ ውስጥ ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስና የልጅ ልጄ ግማሹን ጽፎ የተወው ደብተር። ምራቴ ዘንቢሉን ገለጥ አድርጋ አየችና ‹‹እማማ፣ የምንሄደው ገበያ ነው ወይስ ዳቦ ልንጋግር?›› አለችኝ። ‹‹ለሁለቱም ነው›› ብያት ወጣን።

የምንሄደው የወጥ ቤት ማሽን ልንገዛ ነበር። ሊጥ የሚያሽ፣ ሽንኩርት የሚከትፍ፣ ሾርባ አልሞ የሚፈጭ፣ ሥጋም የሚፈጭ፣ በአንድ ሞተር ብዙ ሥራ የሚሠራ ማሽን። በሰፈራችን ሁሉንም ‹‹ሚክሰር›› ብለን ነው የምንጠራው። ዱቄቱንና ደብተሩን ለምን እንደያዝኩ ለመናገር ግን ከቤቴ መጀመር አለብኝ።

የእናቴ ሳህን

እናቴ 87 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ እጇ ደክሟል፤ ምግብ ስትውጥም ትን ይላታል። 34 ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ ሰው ነኝና ትን ማለት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ወደ ሆድ መውረድ ያለበት ምግብ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ሐኪሟ ያዘዘላትም ምግቧ ጓል የሌለው፣ ወፈር ያለና ለስላሳ እንዲሆን፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ በትንሽ ማንኪያ እንድትመገብ ነው። ብዙ ሰው ቀጭን ነገር ለመዋጥ የሚቀል ይመስለዋል። እንዲህ ላለ ሕመምተኛ ግን እንደ ውሃ የቀጠነ ነገር ጉሮሮው ሳይዘጋጅ ቶሎ ስለሚወርድ ይብሱን ትን ሊያስብል ይችላል። ቤታችሁ ሲበላ ወይም ሲጠጣ አዘውትሮ የሚያስለው አዛውንት ካለ፣ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ምግብ የማዘጋጀው በሙቀጫና በወንፊት ነበር። እኔም 66 ዓመቴ ነው። የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ሥር ያለው መገጣጠሚያ ያመኛል። የጠርሙስ ክዳን ለማስከፈት የልጅ ልጅ የምጠራበት ቀን አለ። እጄ ሲያመኝ ድንቹን በደንብ አላደቀውም፤ ጓል ይቀርበታል፤ እናቴ ትን ይላታል፤ ከዚያ ሳህኑን በግራ እጇ ትገፋዋለች። ስትሮኩ በመታት ሰሞን 51 ኪሎ ነበረች። ኅዳር ላይ ስመዝናት 46 ሆና አገኘኋት። ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሌላም ነገር አለ። እናቴ በሰፈራችን የታወቀች ድፎ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። ክርስትና ሲነሳ፣ ልጅ ሲዳር ‹‹ሊጡን እሳቸው ይዩት›› ይባል ነበር። እጇ ከደከመ ወዲህ ግን ቤታችን ውስጥ ድፎ አልተጋገረም። እኔ ሦስት ኪሎ ዱቄት የማሸት አቅም የለኝም፤ ምራቴ ከሥራ የምትገባው ሲመሽ ነው። ባለፈው ቡሄ ሆያ ሆዬ ሊሉ የመጡትን ልጆች የሸኘናቸው ከዳቦ ቤት በገዛነው ዳቦ ነበር። እናቴ ምንም አላለችም። ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ይህን ለልጆቼ ሳነሳ ሁለቱም የየራሳቸውን መፍትሔ ይዘው መጡ። ሜሪላንድ ያለችው ሴቷ ልጄ ‹‹እማዬ፣ እኔ የምጠቀምበትን ዓይነት ከዚህ ልላክልሽ›› አለች። አይሆንም አልኳት። አሜሪካ ያለው የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። የጎረቤቴ ልጅ ለእናቱ ከዚያው ያመጣላት ጁስ መፍጫ ሶኬቱ ላይ በተሰካ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ጢሱ ቤቱን ሞላው። ኃይል መቀነሻ ትራንስፎርመር አብሮ ይገዛ ቢባል እንኳን፣ ለትልቅ ሞተር የሚሆነው ራሱን የቻለ ሸክም ነው፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ረስቶ በቀጥታ መሰካቱም አይቀርም።

‹‹እንግዲያውስ የሚፈጨውም የሚያበስለውም በአንድ ላይ የሆነውን ግዢ›› አለች። የጀርመኑ ቴርሞሚክስና መሰሎቹ ይመዝናሉ፣ ይከትፋሉ፣ ያሞቃሉ፣ ያበስላሉ። ጎበዝ ዕቃ ነው። ነገር ግን የቴርሞሚክስ ማሰሮ የሚይዘው 2.2 ሊትር ብቻ ነው። ለሁለት ሰው ሾርባ ይበቃል፤ ለሰባት ሰው ቤተሰብና ለበዓል እንግዳ የሚሆን ዶሮ ወጥ ግን አይችለውም።

ወንዱ ልጄ ደግሞ ‹‹ሰፈር ካለው ሱቅ ርካሹን ብሌንደር ገዝተሽ ገላገል በይ›› አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች። ለሁለቱም ‹‹አንድ ሳምንት ስጡኝ›› አልኳቸው።

የአንድ ሳምንት ካርድ

ነርስ ለበሽተኛ መድኃኒት የምትሰጠው ካርዱን አይታ ነው። እኔም የልጅ ልጄን አሮጌ ደብተር ወስጄ ለወጥ ቤታችን ካርድ አወጣሁለት። ከሰኞ እስከ እሑድ በየቀኑ ምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ስንት ደቂቃ እንደወሰደና የትኛው ሥራ እጄን እንዳሳመመኝ ጻፍኩ። እናቴ ከቀረበላት ምን ያህሉን እንደበላችም ጨመርኩበት።

ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩ ራሱ ተናገረ። የእናቴ ምግብ ለብቻው 14 ጊዜ ተፈጭቷል። አራት ኪሎ ሽንኩርት ተከትፏል። ሥጋ የተፈጨው አንድ ጊዜ ነው። የዳቦ ሊጥ የለም፤ የሌለው ግን ሳንፈልግ ቀርቶ አይደለም፣ የሚያሸው ጠፍቶ ነው። ጎን ላይ ‹‹ለልደት ድፎ፣ 3 ኪሎ›› ብዬ ጻፍኩ። ኬክና ክሬም የሚባል ነገር አንድም አልነበረም፤ በዓመት ሁለቴ ለልጆቹ ልደት ካልሆነ አንሠራውም። በርበሬና ሽሮ ወፍጮ ቤት ይፈጫሉ፤ እዚያው ይቀጥላሉ። የእንጀራውን ሊጥ የምታቦካው በየሦስት ቀኑ የምትመጣው ረዳታችን ናት፤ እሷም እኛም አልተቸገርንም።

ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ታወቀ። በየቀኑ የሚሠራ መፍጫ፣ በሳምንት አንዴ የሚያሽ ጠንካራ ክንድ፣ አልፎ አልፎ ሥጋ መፍጫ። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

በባቡር እስከ ሰባተኛ

ከሣሪስ መርካቶ ለመሄድ ባቡሩን እወደዋለሁ። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሥራ ሲጀምር ጡረታ ልወጣ የቀሩኝ ዓመታት ጥቂት ነበሩ። መጠበቁ አንዳንዴ ያሰለቻል፤ ሲመጣም ሰው እንደ ጤፍ ጥቅጥቅ ብሎበት ነው። ያን ዕለት ግን አንድ ወጣት ‹‹እናቴ፣ ይቀመጡ›› ብሎ ተነሳልኝ። ስታዲየምን፣ ለገሃርን፣ ሜክሲኮን፣ ልደታን አልፈን ሰባተኛ ወረድን።

የወጣትነት ዘመኔ መርካቶ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ዝናብ ሲመጣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ገበያ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የከተማው ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወደዚህ ያዞሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ። ስሙም የእነሱው ነው። ዛሬ ከአንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ፎቁ በፎቅ ላይ ተደራርቦ ሰማዩን ሸፍኖታል። ያልተለወጠው ሰዉ ነው። ‹‹መንገድ! መንገድ!›› እያለ ከጀርባችን የሚመጣው ተሸካሚ፣ ‹‹ምን ልስጥ ማዘር?›› የሚለው ልጅ፣ በጆሮ ግንድ ስር ዋጋ የሚያንሾካሹከው ደላላ፣ ሁሉም በየቦታቸው አሉ።

የመጀመሪያው ሱቅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች ማሽን ነው። ቀይ፣ ብርማ፣ ጥቁር። ሻጩ ልጅ ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠን። አንዱን አውርዶ ‹‹ማዘር፣ ይኼ 1500 ዋት ነው፤ 10 ሊትር ይይዛል፤ ከዚህ በላይ የለም›› አለኝ። ባዶውን አስነሳው። በጣም ያምራል። መንጠቆው በራሱ ላይ እየተሽከረከረ ጎድጓዳውን ሣህን ደግሞ ይዞራል፣ ልክ መሬት በራሷ እየተሽከረከረች ፀሐይን እንደምትዞር።

ይህን አዟዟር አስቦ ማሽን ላይ ያዋለው ኸርበርት ጆንስተን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አካባቢ አንድ ዳቦ ጋጋሪ በብረት ማንኪያ ከሊጥ ጋር ሲታገል አይቶ ነው ያሰበው ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው ለትልልቅ ማብሰያ ቤቶች ሲሆን ለቤት የሚሆነው በ1919 ወጣ። እንግሊዛዊው ኬኔት ዉድ ደግሞ በ1950 ኬንዉድ ሼፍ የተባለውን አወጣ፤ አንዱ ሞተር ላይ ሥጋ መፍጫውም ፈሳሽ መፍጫውም እየተቀያየረ የሚገጠምበት ነው። ዛሬ መርካቶ የተደረደሩት ብዙዎቹ የእነዚህ የሁለቱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

‹‹የኔ ልጅ፣ ዱቄት ይዣለሁ፤ እስቲ በሊጥ ልየው›› አልኩት። ልጁ ሳቀ። ‹‹ማዘር፣ አዲስ ዕቃ እኮ ነው፤ ዱቄት ከነካው ማን ይገዛኛል?›› አለ። እውነቱን ነው። አመስግነነው ወጣን። ምራቴ በደረጃው ላይ ‹‹አሁንስ?›› ስትለኝ ‹‹አሁን የተበላሹት ያሉበት እንሂድ›› አልኳት።

ምን አለሽ ተራ

ምን አለሽ ተራ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። ሌላው የጣለው ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ ብሎን፣ በርሜል እዚያ እንደገና ነፍስ ይዘራል። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። እኔ የፈለግኩት አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጠግን ሰው ነበር። ጠይቀን ጠይቀን አንድ ጎልማሳ ዘንድ ደረስን። ፊት ለፊቱ የተፈታታ ብሌንደር፣ ካውያና የጸጉር ማድረቂያ ክምር አለ።

በሕክምናው ዓለም አንድ በሽታ ሰውን እንዴት እንደሚገድል በደንብ የሚታወቀው ብዙ ሕመምተኛ ካዩ በኋላ ነው። ሻጭ የሚያየው ጤነኛውን ማሽን ነው። ይህ ሰው የሚያየው የታመሙትን ነው። ‹‹ወንድሜ፣ የሚጠገን ዕቃ አላመጣሁም። ምክር ልገዛ ነው የመጣሁት›› አልኩት። ትንሽ ግራ ተጋባና ‹‹ምክር በነጻ ነው ማዘር፤ ቁጭ ይበሉ›› ብሎ ሳጥን አቀረበልኝ።

ሊጥ ማሺያዎች በምን እንደሚሞቱ ጠየቅኩት። ከክምሩ ውስጥ ጥርሱ የረገፈ ነጭ የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ጎማ አወጣ። ‹‹በዚህ ነው›› አለ። ‹‹ሞተሩ ደህና ነው፤ ኃይሉን ወደ መንጠቆው የሚያስተላልፈው ይኼ ነው። ወፍራም ሊጥ ሲበዛበት ይላጫል። ብረት ከሆነ ይሻላል። ፕላስቲክም ቢሆን መለዋወጫው ካለ ችግር የለውም፤ ከሌለ ግን ዕቃው የግድግዳ ጌጥ ይሆናል።››

ቀጥሎ ጣት የማታህል ጥቁር ነገር አሳየኝ። ካርቦን ናት፤ ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የምታደርሰው እሷ ናት። እየተፋተገች ታልቃለች። ስታልቅ ሞተሩ ብልጭ ብልጭ ይልና ይቆማል። ሰው ሞተሩ ተቃጠለ ብሎ ይጥለዋል፤ ካርቦኗን መቀየር ግን ቀላል ሥራ ነው።

‹‹ዋቱስ?›› አልኩት። ‹‹ዋት ማለት ከቆጣሪዎ ላይ የሚበላው ነው እንጂ ሊጡ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት አይደለም። ፊት ለፊት በተለጠፈው ወረቀት አይመኑ፤ ገልብጠው ሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ›› አለኝ። አንድ አሮጌ ማሽን ገልብጦ አሳየኝ። ቮልቱ፣ ዋቱ፣ ከእነሱ ጎን ደግሞ ‹‹ኬቢ 5 ደቂቃ›› የሚል በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ያለማቋረጥ መሥራት የሚችለው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከዚያ ማረፍ አለበት ማለት ነው። ‹‹ይኼን የሚያነብ የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ያስፈጩትና ተቃጠለ ብለው ያመጡልኛል›› አለ።

ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩ። የሻይ ብዬ ትንሽ ብር ሳስቀምጥለት ‹‹ከገዙ በኋላ ታሞ እንዳይመጣብኝ ብቻ›› ብሎ ሳቀ።

ዱቄቱ ሥራውን ሠራ

ከዚያ በኋላ የገባንባቸው ሱቆች ውስጥ ሻጮቹን የምጠይቀው ሌላ ሆነ። መለዋወጫው አለ ወይ? ጥርሱ ከምንድን ነው? ያለ ዕረፍት ስንት ደቂቃ ይሠራል? ደረሰኝና የጽሑፍ ጋራንቲ አለው? በአራተኛው ሱቅ አንዲት በዕድሜዬ የምትሆን ሴት ተቀምጣለች። ስለ እናቴ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያ ከመስታወቱ ውስጥ ለማሳያ የተቀመጠውን አወረደችና ‹‹እህቴ፣ ዱቄትሽን አምጪው›› አለችኝ።

ዱቄቱን ከነውሃው ጨመርን። ጎድጓዳው አምስት ሊትር ነው። ሊትር የሚለው ግን ጎድጓዳው እስከ አፉ ሲሞላ የሚይዘውን ነው እንጂ ሞተሩ የሚችለውን ሊጥ አይደለም። የአንድ ኪሎ ዱቄት ሊጥ ከነውሃው ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሳችው። እኔ ሰዓቴን ይዤ ቆምኩ። ምራቴ እጇን ማሽኑ ራስ ላይ አኖረች።

ያየነው ይህን ነው። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ አልተራመደም፤ ከሥሩ ያሉት ጎማዎች ያዙት። ራሱ ከፍ ዝቅ አላለም። ድምፁ ወፍራም ሆነ እንጂ አላቃሰተም። ስምንት ደቂቃ ሲሞላ ሊጡ ከጎድጓዳው ግድግዳ ለቅቆ መንጠቆው ላይ ተጠቀለለ። ሞተሩ ሞቅ ብሏል፤ የሚቃጠል ሽታ ግን የለውም። ገልብጠን ሥሩን አነበብን፤ 220 – 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 1000 ዋት፤ የሚፈቀድለት ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። እንጀራ ምጣዳችን ከሚወስደው ሲነጻጸር ሲሶውን እንኳን አይሞላም። ስምንት ደቂቃ ቢሠራ ቆጣሪው ላይ የሚያሳርፈው ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሰባተኛ ገደማ ነው።

ሌላም አየሁ፤ ይህን የሚያይ የእኔ ዕድሜ ሰው ብቻ ይመስለኛል። ፍጥነቱ የሚቀየረው በሚዞር ትልቅ ቁልፍ ነው፤ መነጽሬን ሳላደርግ፣ በሚያመኝ እጄም አዞርኩት። ጎረቤቱ የነበረው በጣት የሚነካ መስታወት ያለው ነው፤ ያምራል፣ ግን የሊጥ እጅ አያውቅም። የመፍጫው ክዳን በትክክል ካልገጠመ ማሽኑ አይነሳም፤ ቤት ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ ላለን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክብደቱ ሰባት ኪሎ ያህል ነው። ከቁም ሣጥን ላይ የሚወርድ የሚወጣ ከሆነ ለእኔ አይሆንም፤ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ቋሚ ቦታ እንዲኖረው ወሰንን።

ዋጋው ላይ አንድ ሰዓት ተከራከርን ብል አልዋሸሁም። የመጨረሻው ዋጋ የአራት ወር ጡረታዬን የሚያህል ነበር። ሴቷ ግማሹን፣ ወንዱ ሩቡን ሸፈኑ፤ የቀረውን እኔ ከዕቁብ አወጣሁ። ክሬም መምቻውና ፓስታ መሥሪያው ተጨማሪ ዋጋ ስለነበራቸው መምቻውን ብቻ ወሰድን። ሴትየዋ ሊጡን በፌስታል ጠቅልላ ‹‹ይኼን ለእናትሽ አድርሺልኝ›› አለች።

ከቤት የተማርነው

ማሽኑ ቤት እንደገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ቤተሰቡን ሰብስቤ ሕግ ማውጣት ነው። በሥራ ዘመኔ የወጥ ቤት ቃጠሎና የተቆረጠ ጣት ብዙ አይቻለሁ። አንደኛ፣ የሚፈላ ነገር በተዘጋ መፍጫ ውስጥ አይፈጭም። እንፋሎቱ ክዳኑን አስፈንጥሮ ፊት ላይ ይረጫል። ይብረድ፣ ከግማሽ በላይ አይሞላ። ሁለተኛ፣ ስለቱ አረፋ ውስጥ አይቀመጥም። የሚያጥበው ሰው ሳያየው ነው የሚቆርጠው። ወዲያው ታጥቦ ይደርቅ። ሦስተኛ፣ ጥሬ ሥጋ የተፈጨበት ሳይፈታና በሙቅ ውሃና በሳሙና ሳይታጠብ ሌላ ምግብ አይነካም። አራተኛ፣ እጅ ወይም ማንኪያ የሚገባው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ነው። አምስተኛ፣ ከእንጀራ ምጣዱ ጋር በአንድ ዲቫይደር አይሰካም፤ መብራት ሲሄድም ይነቀል፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ሊያጠቃው ይችላልና።

በማግሥቱ የእናቴን ምሳ ሠራሁ። እዚህ ላይ ስህተቴን ልናገር። ሁለት ዓመት ሙሉ ካሮቱን፣ ድንቹን፣ ክኩን አንድ ላይ ቀላቅዬ ነበር የምሰጣት፤ ጊዜ ለመቆጠብ። ሳህኑ ላይ የሚታየው መልኩ የማይለይ ነገር ነበር። ያን ቀን ግን መፍጨቱ ደቂቃ ስለማይፈጅ ሦስቱንም ለየብቻ ፈጨኋቸው፤ ካሮቱ ቀላ፣ ድንቹ ነጣ፣ ክኩ ብጫ ሆኖ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናቴ ሳህኑን አይታ ‹‹ይኼ ቀዩ ምንድነው?›› አለችኝ። ‹‹ካሮት›› አልኳት። ‹‹እስቲ እሱን አቅምሺኝ›› አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የትኛውን እንደምታስቀድም ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ነርስ ነኝ ብዬ የማስበው እኔ!

የልደት ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28፣ ሦስቱን ኪሎ ዱቄት በሦስት ዙር አቦካነው። በየመካከሉ ማሽኑን አሳረፍነው። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ምራቴ ጎድጓዳውን ነቅላ እናቴ አልጋ አጠገብ ወሰደችው። እናቴ የግራ እጇን አስታጥባኝ ሁለት ጣቷን ሊጡ ውስጥ ነከረች። አወጣቻቸው፣ እርስ በርስ አሸቻቸው።

‹‹ይኼ ሊጥ ውሃ ጠምቶታል›› አለች።

‹‹እማማ፣ እኔ እኮ ለክቼ ነው የጨመርኩት›› አለች ምራቴ።

‹‹አንቺ ለካሽ፤ ዱቄቱ ግን ደረቅ ነው። ጨምሪለት። ማሽኑ ምን ያውቃል!››

አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ጨመርን። በሁለተኛው ዙር ‹‹ደህና ነው›› አለች። በሦስተኛው ራስዋ ‹‹አምጡት እንጂ!›› ብላ ተጣራች። ጥቁር አዝሙዱን ምን ያህል እንደምንነሰንስ፣ ሊጡ ኩፍ ሲል የት እንደምናስቀምጠው፣ የኮባ ቅጠሉን በየትኛው ገጹ እንደምናነጥፍ እየተናገረች ምራቴ በዚያው ደብተር ላይ ጻፈችው። እኔ ከዚህ በፊት ይህን ጽፌው አላውቅም፤ ሁልጊዜ እጇ እያለ ምን ያስጽፈኛል እል ነበር።

በልደት ቀን ድፎው ተቆረሰ። ለእናቴ ቅርፊቱን አንስቼ ለስላሳውን ውስጡን በወተት አርሼ በማሽኑ ፈጨሁትና በማንኪያ ሰጠኋት። ትን አላላትም። ‹‹ጨው አንሶታል›› አለችና ሌላ ማንኪያ ጠየቀች።

የካቲት ማብቂያ ላይ ሚዛን ላይ ሳወጣት 48 ኪሎ ሆና ነበር። ማሽኑ ብቻውን አደረገው አልልም፤ ሐኪሟም አለ፣ በጊዜ መመገቧም አለ። የእኔም እጅ ዛሬም ያመኛል፤ ግን ከሙቀጫው ጋር የሚታገልበት ጊዜ አብቅቷል።

እናንተም ልትገዙ ስትሄዱ ቤታችሁ ውስጥ የሚበላውንና የሚሠራውን ሰው አስቡ። አንድ ሳምንት ጻፉ። ዕቃውን ገልብጣችሁ ሥሩን አንብቡ። ስለ መለዋወጫው ጠይቁ። አንድ ኪሎ ዱቄትም ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ሱቅ ቢስቅባችሁ ሌላው ‹‹አምጪው›› ይላችኋል። የእኛ ደብተር አሁን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል። ለፋሲካ ዕለት እናቴ ‹‹አራት ኪሎ›› ብላ አስጽፋለች።